ስሙን ትቶ የተነሣ መንደር፦ ስለ ጁባ አሮጌ መሀል ከተማ የተደረገ ምልልስ

ይህ ምልልስ የሚካሄደው የአባይን ሸለቆ ታሪክ ለረጅም ዘመን ባስተማሩ አንድ መምህርና የከተሞችን ቅርስ ማጥናት በጀመረች አንዲት ተማሪ መካከል ነው። ርእሱ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ነው፤ በተለይም በነጭ አባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የሚገኘውና ነዋሪዎቹ “ጁባ ታውን” የሚሉት አሮጌው መሀል ከተማ፣ በዙሪያው ካሉት ቀደምት ሰፈሮች ጋር ይመረመራል። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ታሪካዊ መሀል ከተማ ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው እንደ ጎንደር ግንብ ወይም እንደ ሐረር ጀጎል ያለ ዘመን የጠገበ ድንጋይ ነው። ጁባ ግን ከተማ ሆና ከተቆረቆረች መቶ ዓመት ገደማ ብትሆን ነው፤ የነገሥታት ግንብ የላትም፣ በቅጥር የታጠረ ጥንታዊ ክፍል የላትም፣ አሮጌ ከሚባሉት ቤቶቿም ብዙዎቹ ፎቅ የሌላቸው፣ ቆርቆሮ የለበሱ የንግድ ቤቶች ናቸው። ታዲያ “ታሪካዊ” የሚለው ቅጽል በምን ምክንያት ይሰጣታል?

መምህሩ፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰፈር ታሪካዊነት የሚለካው በድንጋዩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ቦታ በተወሰነው ጉዳይና ቦታው ስለ ሰዎች አሰፋፈር በሚሰጠው ምስክርነት ጭምር ነው። በጁባ ወደቡ፣ ገበያው፣ የቀድሞ ወታደሮች ሰፈር፣ የነጋዴዎች ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ማን መጣ፣ ማን አመጣው፣ ማንስ ከቦታው ተነሣ ለሚሉት ጥያቄዎች የየራሳቸውን መልስ ይዘዋል። ድንጋይ ባነሰበት ከተማ የሰፈር ስም እንደ መዝገብ ይቆጠራልና፣ ጁባን ማንበብ የሚጀመረው ከስሞቿ ነው።

ተማሪዋ፦ ከስም የሚጀመር ከሆነ፣ “ጁባ” የሚለው ስም ራሱ ከየት መጣ?

መምህሩ፦ ጁባ አስቀድሞ የአንዲት ትንሽ የባሪ መንደር ስም ነበር። ባሪዎች በዚህ አካባቢ በወንዙ ግራና ቀኝ የኖሩ፣ ከብት የሚያረቡና እህል የሚዘሩ፣ በኒሎቲክ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደብ ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ሲሆኑ፣ በቀድሞው ሥርዓታቸው ዝናብ የማዝነብ ኃይል አላቸው ተብለው የሚታመኑ አለቆች ከፍተኛ ክብር ነበራቸው። ከከተማው በስተምዕራብ የሚታየው ጀበል ኩጁር የተባለው ተራራ ስም ይህንኑ እምነት ያስታውሳል፤ “ጀበል” በዐረብኛ ተራራ ማለት ሲሆን፣ “ኩጁር” በሱዳን አነጋገር ከመናፍስት ጋር የሚገናኝ ባለ መንፈስ ማለት ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር የሚባለው የእንግሊዝ አንግሊካን ድርጅት በመንደሩ አጠገብ የሚሲዮን ጣቢያና ኑጀንት የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ሹማምንት የሞንጋላ ጠቅላይ ግዛትን መቀመጫ በዚያ ሊሠሩ ስለ ወሰኑ፣ የባሪ ነዋሪዎች ቦታውን ለቀው እንዲነሡ አዘዙ። ሰዎቹ ሲነሡ የመንደሩ ስም ግን በቦታው ቀረ፤ የዛሬዋ ዋና ከተማ የምትጠራው ለእርሷ ሲባል በተነሣው መንደር ስም ነው።

ተማሪዋ፦ ሹማምንቱ በአካባቢው ቀደም ብለው የታወቁ ሌሎች ቦታዎች እያሉ ይህን መንደር የመረጡበት ምክንያት ምን ነበር?

መምህሩ፦ ለዚህ መልስ የሚሰጠው ወንዙ ነው። ነጭ አባይ በዚህ ክፍሉ ባሕር አል ጀበል ማለትም “የተራራው ወንዝ” ይባላል፤ ከጁባ በስተደቡብ ፏፏቴና ዓለታማ መውረጃ ስለሚበዛበት፣ ከሰሜን የሚመጣ የእንፋሎት መርከብ ሊደርስ የሚችለው እስከዚሁ አካባቢ ብቻ ነው። ከኮስቲ ተነሥቶ ሱድ የሚባለውን ታላቅ ረግረግ አቋርጦ እዚህ የሚደርሰው የመርከብ ጉዞ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ከሰሜን የመጣ ኃይል ሁሉ ከዚሁ ጫፍ ላይ እየደረሰ ሰፈረ። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ፓሻ መርከበኛ ሳሊም ቃቡዳን በ1841 ጎንዶኮሮ ወደምትባለው የምሥራቅ ዳርቻ ደረሰ፤ ከእርሱም በኋላ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች፣ የኦስትሪያ ካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ተከተሉ። የነጭ አባይን ምንጭ ፈልገው ከደቡብ የተመለሱት ጆን ሃኒንግ ስፒክና ጄምስ ግራንት ከአሳሹ ሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት በየካቲት 1863 በዚያችው ጎንዶኮሮ ነበር። በ1874 ኢኳቶሪያ የተባለው የዚህ አካባቢ ግዛት ገዥ ቻርለስ ጎርደን መቀመጫውን ወደ ላዶ አዛወረ፤ ከ1894 በኋላም የላዶ ግዛት ለቤልጅጉ ንጉሥ ለሊዮፖልድ ዳግማዊ በኪራይ ተሰጥቶ እስከ 1910 ድረስ ሲቆይ፣ ዋና ጣቢያው ከጁባ በስተደቡብ ያለችው ረጃፍ ሆነች። እንግሊዞች በበኩላቸው ከሞንጋላ ሆነው ያስተዳድሩ ነበር። ጁባ የተመረጠችው ቦታዋ ከፍ ያለ፣ ወንዟም ዓመቱን ሙሉ መርከብ የሚያስኬድ ስለ ሆነና ትምህርት ቤቱም ቀድሞ ስለ ተተከለ ነው፤ የግንባታው ሥራ በ1927 ተፋፍሞ፣ የረጃፍ ነጋዴዎች በ1929፣ የሞንጋላ ገዥ ጽሕፈት ቤትም በ1930 ወደዚያ ተዛወሩ።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ከሆነ የጁባ አመሠራረት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የጋምቤላ ነገር ይመስላል።

መምህሩ፦ እጅግ ይመስላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ እስከ 1956 ድረስ በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆይቷል፤ በክረምት ወራት ባሮ ሲሞላ የሚመጡት መርከቦችም ከካርቱም የሚነሡ ነበሩ። የጋምቤላ ቡና በእነዚያ መርከቦች ሲወጣ፣ በጁባም ጨርቅ፣ ጨውና ቆርቆሮ በመርከብ ይገባ ነበር። በሁለቱም ወደቦች መጋዘን ሠርተው ሱቅ ከከፈቱት መካከል ግሪኮች ጎልተው ይታያሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች በአንድ የመርከብ መስመር ሥርዓት የተወለዱ ሁለት ወደቦች ናቸው ቢባል ያስኬዳል።

ተማሪዋ፦ ግሪኮች ከሜዲትራንያን ባሕር እስከ ኢኳቶሪያ ድረስ ምን አመጣቸው? የመሀል ከተማው አሮጌ ሕንጻዎች ከእነርሱ ስም ጋር ተያይዘው ይነሣሉና።

መምህሩ፦ መጀመሪያ የመጡት ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ሸቀጥ በማቅረብ ነው፤ ቁጥራቸውም ከ2,000 በላይ ሆኖ እንደማያውቅ ይነገራል። ነገር ግን በከተማው የነበራቸውን ስፍራ ያሰፋው የመንግሥት ፖሊሲ ነው። በ1922 የወጣው የፓስፖርትና የፈቃድ ድንጋጌ ደቡቡን ለሰሜን ሱዳን ሰዎች በፈቃድ ብቻ የሚገባበት ዝግ አካባቢ አደረገው፤ “የደቡብ ፖሊሲ” በመባል የሚታወቀውና በጥር 1930 በመንግሥቱ ዋና ጸሐፊ በሃሮልድ ማክማይክል የወጣው መመሪያ ደግሞ፣ በደቡቡ የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች ሳይሆኑ ግሪኮችና ሶርያውያን እንዲበረታቱ አዘዘ። የሰሜኖቹ ነጋዴዎች “ጀላባ” ይባላሉ፤ ቃሉ ሸቀጥ ማምጣትን ከሚያመለክት የዐረብኛ ሥር የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ከምናውቀው ከውሃ መሻገሪያው ጀልባ ጋር መምታታት የለበትም። ዛሬ ሐይ ጀላባ የሚባለው ሰፈር በግሪኮቹ ዘንድ የግሪክ ሰፈር ይባል ነበር፤ “ሐይ” በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ሰፈር ፖሊሲው ያቀረባቸውንም ያራቃቸውንም ነጋዴዎች ስም ተሸክሞ መገኘቱ፣ የገበያ ኑሮ ከመመሪያ እንደሚሰፋ ያሳያል።

ተማሪዋ፦ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ከግሪኮቹ ሥራ ምን ያገኛል?

መምህሩ፦ በጁባ ገበያና በሐይ ጀላባ ውስጥ ወፍራም ግድግዳና ከፀሐይ የሚከልል በረንዳ ያላቸው፣ የፊት ክፍላቸው ሱቅ፣ ጓዳቸው መጋዘን ወይም መኖሪያ የነበሩ ቤቶች ይገኛሉ። ለባንክ መሥሪያ ቤትነት የዋሉ አንዳንድ ሕንጻዎችና ኖቶስ የሚባለው ምግብ ቤት ያለበት ቤት ከግሪኮቹ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። በ1930ዎቹ የተሠራው ጁባ ሆቴል ደግሞ ከተማዪቱ የመርከብ ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላንም ማረፊያ የሆነችበት ዘመን ምስክር ነው፤ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ከካይሮ ወደ ደቡብ በሚያደርገው በረራ ጁባ ላይ ያርፍ ነበርና፣ በወንዝ የመጣውም በአየር የመጣውም መንገደኛ በየብስ ወደ ኒሙሌና ወደ ኡጋንዳ ከመቀጠሉ በፊት ማደሪያው ይህች ከተማ ነበረች።

ተማሪዋ፦ እስካሁን የተነገረው ስለ ሹማምንትና ስለ ነጋዴዎች ነው። ከተማዪቱን በጉልበታቸው የሠሯትና በውስጧ የኖሩት ሰዎች የትኛውን ሰፈር ይዘው ይገኛሉ?

መምህሩ፦ ማላኪያን ነው። በሱዳን ከተሞች “ማላኪያ” የሚለው ቃል ከጦር ሰፈር ውጭ ያለውን የሲቪሎች መኖሪያ፣ በተለይም ከውትድርና የተሰናበቱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚሰፍሩበትን ክፍል ያመለክታል። እነዚህ ወታደሮች በቱርክና በግብፅ አገዛዝ ዘመን ከልዩ ልዩ ሕዝቦች፣ ብዙዎቹም በግዳጅ የተሰበሰቡ ስለ ነበሩ፣ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ የጦር ሰፈሩን ዐረብኛ እያቀለሉና ከየቋንቋቸው እያዋሃዱ የፈጠሩት ንግግር የጁባ ዐረብኛ ሆነ። በዚህ ቋንቋ የግስ እርባታ በአጫጭር ረዳት ቃላት ይተካል፣ የጾታ ልዩነትም ይቀራል፤ ለምሳሌ “ኡዎ ገ ሩዋ” የሚለው ዐረፍተ ነገር “እየሄደ ነው” ወይም “እየሄደች ነው” ማለት ሊሆን ይችላል። በኡጋንዳና በኬንያ የሚነገረው ኑቢ የተባለው ቋንቋ ከዚሁ ሥር የበቀለ ወንድሙ ነው። የ1930ው ፖሊሲ ዐረብኛን ከደቡቡ ለማጥፋትና እንግሊዝኛን ለመትከል ቢጥርም፣ የማላኪያ ሰዎች ቋንቋ የገበያና የቤተሰብ መግባቢያ ሆኖ ቀጠለ፤ ዛሬም ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ ባሪውና ዛንዴው ጁባ ላይ ሲገበያዩ የሚግባቡት በእርሱ ነው።

ተማሪዋ፦ የወታደሮቹ ዘመን በሌሎች የሰፈር ስሞችም ይታያልን?

መምህሩ፦ ይታያል። “ቡሉክ” የሚለው የሰፈር ስም በቱርክና በግብፅ ጦር አንድን የወታደር ክፍል የሚያመለክት ቃል ነው፤ በጣልያን ጦር ያገለገሉ አስካሪዎችን ማዕረግ የሚያውቅ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው “ቡሉቅባሽ” ከሚለው ጋር ወዲያው ያዛምደዋል። “አትላባራ” የሚለው ደግሞ በዐረብኛ “ውጣ” ከሚል ትእዛዝ የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ሐይ ማላካል ከአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ከተማ ከማላካል፣ ሐይ ሲኒማም ከፊልም ማሳያው ስሙን ወሰደ። በመጨረሻም “ጁባ ና ባሪ” ማለትም “የባሪዎች ጁባ” የሚባል ሰፈር አለ፤ ከተማው ሁሉ ጁባ ከተባለ በኋላ ባሪዎቹ የራሳቸውን ለይተው ለመጥራት ቃል መጨመር አስፈልጓቸዋል።

ተማሪዋ፦ የታሪክ መጻሕፍት ጁባን በይበልጥ የሚያነሧት ስለ ስብሰባዎቿ ነው። ከእነዚያ ውስጥ የመሀል ከተማውን ክብር የሚያጸናው የትኛው ነው?

መምህሩ፦ የመጀመሪያው ከሰኔ 12 እስከ 13 ቀን 1947 የተደረገው የጁባ ጉባኤ ነው። የሱዳን መንግሥት ዋና ጸሐፊ ጄምስ ሮበርትሰን በመሩት በዚህ ስብሰባ፣ የደቡብ አለቆችና ጸሐፊዎች ከሰሜን ተወካዮች ጋር ተቀምጠው ደቡቡ በካርቱም በሚቋቋመው የሕግ መምሪያ ጉባኤ ይወከል ወይስ አይወከል በሚለው ላይ ተነጋገሩ። የሊሪያው አለቃ ሎሊክ ላዶ ነገሩን ከጋብቻ ጥያቄ ጋር አመሳሰሉት፤ የተጠየቀች ልጅ እሺ ከማለቷ በፊት ስለ ጠያቂው ጠባይ ከሌሎች ለመስማት ጊዜ እንደምትሻ ሁሉ፣ ደቡቡም ጊዜ ያስፈልገዋል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሽማግሌ ልኮ የሰው ልጅ ለሚጠይቅ የኢትዮጵያ ሰው ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያሻውም። ጊዜው ግን አልተሰጠም፤ ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ደቡቡ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሐምሌ 1965ም የመንግሥት ወታደሮች በጁባ ነዋሪዎች ላይ ጅምላ ግድያ ፈጸሙ።

ተማሪዋ፦ ለዚያ ጦርነት መቋጫ የሆነው ስምምነት የአዲስ አበባን ስም የያዘ አይደለምን?

መምህሩ፦ ነው። ስምምነቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አደራዳሪነት አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በውጤቱም ደቡቡ የራስ ገዝ አስተዳደር ሲያገኝ ጁባ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች፣ አቤል አሊየርም የላዕላይ አስፈጻሚውን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መሩ። ወንዙን የሚሻገረው የብረት ድልድይ፣ የጁባ ዩኒቨርሲቲና የኛኩሮን ባህል ማእከል የዚያ አጭር የሰላም ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በ1983 ስምምነቱ ፈረሰና ጦርነቱ ዳግም ተነሣ፤ ጁባ በመንግሥት ጦር እጅ ሆና ዙሪያዋ ተከበበ፣ በ1992 አማፂው የሱዳን ሕዝብ ነጻነት ጦር ወደ ውስጧ ዘልቆ ከተመለሰ በኋላም ብዙ ነዋሪዎች ተይዘው ደብዛቸው ጠፋ። ሰላም የወረደው በጥር 2005 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ያረፉት የዚያ ጦር መሪ ጆን ጋራንግ በጁባ ተቀበሩ፤ የአገሪቱ ነጻነትም በሐምሌ 9 ቀን 2011 በመቃብራቸው ስፍራ ታወጀ። የ2013ና የ2016 ውጊያዎች ይህችኑ ከተማ መልሰው ማቁሰላቸው ባይረሳም፣ ነዋሪዋ ሰፈሩን ትቶ አልጠፋም።

ተማሪዋ፦ ይህ ሁሉ ታሪክ ያለፈበትን ሰፈር ጎብኚ በምን ቅደም ተከተል ቢያየው ይገባዋል?

መምህሩ፦ ከወንዙ ቢነሣ መልካም ነው፤ ወደቡና የዳርቻው የማንጎ ዛፎች የከተማውን መነሻ ያሳያሉ፣ ከብረት ድልድዩም በስተደቡብ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በግንቦት 2022 የተከፈተው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጻነት ድልድይ ይገኛል። ቀጥሎ ወደ ኮኞ ኮኞ ገበያ ቢሄድ የወንዙን የደረቀ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ ማሽላና የካሳቫ ቅጠል ያገኛል፤ ከቦካ የማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገረውን ኪስራም ሲቀምስ የእንጀራ ዘመድ መሆኑን ያለ አስረጂ ይረዳል። ከዚያ በካቶር የቅድስት ተሬዛ ካቴድራል፣ በሐይ ሲኒማ የሁሉም ቅዱሳን የተባለው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል፣ በመሀል ገበያውም መስጊዱ አሉ። በጦርነቱ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናቱ ለሕዝቡ ትልቅ መጠጊያ ነበሩ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በየካቲት 2023 ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጋር በመጡ ጊዜ በቅድስት ተሬዛ ካቴድራል ከካህናትና ከደናግል ጋር ተገናኝተዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከዛፍ ሥር በትንንሽ በርጩማ ላይ ደንበኛ አስቀምጠው ሻይ የሚያፈሉት ሴቶችና ከ2005 ወዲህ ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈቱት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የግሪኮቹንና የጀላባዎቹን ፈለግ የተከተሉ የዘመኑ መጤዎች ሆነው ይታያሉ።

ተማሪዋ፦ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፣ መምህር። የዚህ ሰፈር መሠረት የባሪዎች መነሣትና የቅኝ ገዥዎች ፈቃድ ከሆነ፣ አሮጌዎቹን ሕንጻዎች መጠበቅ በደሉን እንደ ማክበር አይቆጠርምን?

መምህሩ፦ የሚቆጠረው የግሪኮቹና የሹማምንቱ ሕንጻ ብቻ ተመርጦ ሲጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፒያሳ ሲነሣ የአርመኖችና የግሪኮች ሕንጻ ብዙ ጊዜ ይወሳል፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሉ ሲፈርስ ግን የጠፋው የሕንጻ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን፣ በጓሮው የነበረው የጉርብትና፣ የዕድርና የዕቁብ ኑሮ ጭምር ነው። ጁባም ከሰላሙ በኋላ በፍጥነት ሰፋች፤ በ2008ቱ ቆጠራ የጁባ ካውንቲ ሕዝብ 368,436 ደርሶ ነበር። መሬት ሲወደድ አሮጌው ቤት ለአፍራሽ ይጋለጣል፤ የመሬቱ ባለቤትነት ክርክርም ጠንቶ፣ መንግሥት በመስከረም 2011 ዋና ከተማውን በአገሪቱ መሀል ወዳለችው ራምሴል ለማዛወር እስከ መወሰን ደርሷል። የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ሰነዶች እንኳ ለዓመታት ጁባ ውስጥ በድንኳን ተከማችተው መቆየታቸው ሲታሰብ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ምን ያህል ለጥፋት ቅርብ እንደ ነበር ይታወቃል።

ተማሪዋ፦ ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ፣ የጁባ ቅርስ ሦስት ነገሮችን በአንድነት መያዝ አለበት የሚል ይመስላል፦ የነጋዴዎቹን ቤቶች፣ የማላኪያን ቋንቋ፣ የተነሣውንም መንደር ትዝታ። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ታሪኩን ያዛባሉ።

መምህሩ፦ በትክክል ተናግረሻል፤ ሆኖም ሦስቱ በእኩል ጊዜ አይጠፉምና የሥራው ቅደም ተከተል መታሰብ አለበት። የግሪክ ነጋዴ መጋዘን እስካልፈረሰ ድረስ በማንኛውም ቀን ሊለካና ሥዕሉ ሊነሣ ይችላል። የመንደሩ መነሣት ግን ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶታል፤ ነገሩን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት ሰዎች አርጅተዋል። ስለዚህ ጥናትሽ በሐይ ጀላባ በረንዳዎች ሥር ከመጀመሩ በፊት በጁባ ና ባሪ ይጀመር፤ የቤተሰቦቹ ከብት የት ይታሠር እንደ ነበር፣ የትኛው ዛፍ ሥር ይሸመገል እንደ ነበር፣ በየትኛው መንገድም እንደ ተነሡ ይጠየቅና ይጻፍ፤ የከተማው ካርታ የሚነሣውም ከዚያ በኋላ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይሁን።